ቀለል ብዬ ልሮጥ ነው

የዓለምዘርፍ ዕቃዋን በእንዳላማው መኪና ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረችው በጃንጥላ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ዓርብ ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመለስ፣ ዝናቡ መንገድ ላይ አባራና ጃንጥላዋን ረስታ ወረደች። ሰኞ ማለዳ ልትሳፈር ስትመጣ ጃንጥላው ደርቆ፣ ታጥፎ፣ በጠፍር ታስሮ አገኘችው። እንዳላማው «ውሰጂው» አላላትም፤ እሷም አልወሰደችውም። ፍቅር የሚሉት ነገር፣ ልጆቼ፣ አንዳንዴ በዚሁ በኩል ነው የሚገባው፤ አንዱ ረስቶ በተወው፣ ሌላው ሳይረሳ ባስቀመጠው።

እሷ የግራዝማች አወቀ ልጅ ናት። አማኑኤል ላይ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። እሱ የይጁቤ ገበሬ ልጅ ነው፤ ማርቆስ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለችው፤ ሰኞና ዓርብ እሷን በመኪናው የሚያመላልሳትም እሱ ነው። በዚያ የጠጠር መንገድ ላይ የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር ሹፌሩ «እንዳላማውን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ የአሮጌ ፊያቱን የኋላ ወንበር ነቅሎ በምትኩ የዋንዛ ሣጥን አበጅቶበታል። ክሪኩ፣ መፍቻዎቹ፣ ፒንሳው፣ እያንዳንዱ በልኩ በተጠረበለት ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ በጠፍር ይታሰራል። መኪናው ያን ሁሉ ጉድጓድ እየዘለለ ሲሄድ ከኋላ አንዲት ድምፅ አትሰማም። «ቦታ ያጣ ዕቃ ነው የሚጮኸው» ይላል እንዳላማው። ከዚህ የረዘመ ንግግር ከአፉ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።

ከጃንጥላው በኋላ የጭቃ ጫማዋ ተከተለ። ከጫማው በኋላ የጠመኔ ቆርቆሮዋ፣ ከዚያ ሻሿ፣ ከዚያ ማበጠሪያዋና መስተዋቷ። ከፊት ወንበር ላይ አብራት ተጨናንቃ የምትሳፈረው ባልደረባዋ የብርጓል ይህን ሁሉ ታያለች፤ አይታም ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ባል ቤት በእግሩ ይገባል፤ አንቺ በጓዝሽ ቀድመሽ ገባሽ» አለቻት አንድ ቀን። «የቀረሽ ድስት ብቻ ነው።»

የዓለምዘርፍ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እንዳላማው መሪውን እንደ ያዘ አቀረቀረ፤ መንገዱን በልቡ ባያውቀው ኖሮ ሦስቱም ገደል በገቡ ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ግን ሣጥኑ ጎረቤት አግኝቶ አየችው። ከመሣሪያዎቹ ጎን ሌላ ትንሽ ሣጥን ተጨምሯል፤ ክዳን ያለው፣ ውስጡ በቀይ ከፋይ የተለበጠ፣ ከመኪናው ወለል ጋር በብሎን የተያዘ። እንዳላማው ክዳኑን ከፈተና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ «ይህ ያንቺ ነው» አለ። ያ ነበር የፍቅር ቃሉ። እሱ ሌላ አልጨመረም፤ እሷም ሌላ አልጠበቀችም። ያን ቀን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ፊደል ስትጽፍ እጇ ሳይቀር ይስቅ ነበር።

* * *

ግራዝማች አወቀ ግን ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም።

«ብረት ቀጥቃጭ ለልጄ?» አሉ። መካኒክ ነው እንጂ ቀጥቃጭ አይደለም ቢሏቸው፣ ብረት ይመታል ወይስ አይመታም ብለው ጠየቁ። ይመታል። እንግዲያው ምን ቀረው አሉ፤ በዚያው አበቃ። ዘመኑ እንዲያ ነበር። የጨዋ ልጅ ብረት ከሚነካ ሰው ጋር ብትጋባ አገር ያወራባት ነበር፤ ያው ያገር ሰው ማረሻው ሲዶለዱም ወደዚያው ብረት ነኪ ቤት እየሮጠ።

የዓለምዘርፍ አባቷን ትፈራቸዋለች፤ ትወዳቸዋለችም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዙት እሷና እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ምርቃት ውጭ ትዳር አይታያትም፤ እንዳላማውም የሰው ልጅ ይዞ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። በመጨረሻ የግራዝማች የቅኔ ቤት ጓደኛ መሪጌታ ባምላኩ ገቡበትና ለመኑ፣ መከሩ፣ አስቸገሩ። ግራዝማችም በስንት መከራ «ሽማግሌ ይምጣ፣ እሰማለሁ» አሉ።

እሰማለሁ ማለት እሺ ማለት አይደለም። እንዲያውም እምቢታቸውን በቅኔ ሊዘርፉት አስበው ሰሙንና ወርቁን ሲያበጁ ሰነበቱ። ልጅቷ አባቷ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጓሮ ሲመላለሱ እያየች ልቧ ይሰጋ ነበር። እምቢ ካሉ ደግሞ ሌላ ሰው አዘጋጅተዋል፤ የመርጡለ ማርያም ባላባት ልጅ፣ መሬት ያለው፣ በቅሎ ያለው፣ የዓለምዘርፍ አንድም ቀን አይታው የማታውቅ።

ሽማግሌ ከሚመጣበት እሑድ በፊት ግን አንድ ሌላ እሑድ ነበረ። የጥር በዓላት ገና አልቀዘቀዙም፤ የማርቆስ ወጣቶች ለትምህርት ቤት መርጃ የመኪና ውድድር አሰናዱ። ቦታው የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ነው። ሁለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ ባንዲራ ሲወርድ ይነሣል፤ መዞር የለ፣ መጠምዘዝ የለ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ሽማግሌዎቹ «የመኪና ሽምጥ» ብለው ሰየሙት፤ ፈረስ ሲጋልቡ ላደጉ ሰዎች ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዳኛ ሆኖ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው የየመኪናውን በር እየከፈተ ሲመረምር የእንዳላማውን ከፈተና ሳቀ። ተወዳዳሪ ነህ ወይስ ቤት ልትቀይር ነው አለው። ከዚያ ሕጉን ነገረው፦ የሥራም ይሁን የግል፣ ልቅ ዕቃ አንድም አይቀርም። መኪና ተፈንጥሮ ሲነሣ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል፤ መፍቻ የማንን ማጅራት እንደሚመታ አይመርጥም። ጠፍር ለጠጠር መንገድ ይበቃል እንጂ ለዚህ አይበቃም።

እንዳላማው አወጣ። ክሪኩን፣ መፍቻዎቹን፣ ሣጥናቸውን፣ የራሱን ጋቢና የውሃ ኮዳ ሳይቀር አወጣ። የየዓለምዘርፍን ዕቃ ግን ጋራዡ ወለል ላይ፣ ዘይት መሀል ማስቀመጥ አልሆነለትም። ጫማዋን አጠበ፤ ሻሿን አጣጠፈ፤ ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረና ጎረቤቱን ወይዘሮ ታየችን ለመናቸው። «ዕቃው መኪናውን ከብዶታል፤ ነገ ቀለል ብዬ ልሮጥ ነው ይበሉልኝ። ማታውን መልሼ እወስደዋለሁ ይበሏት» አለ።

ወይዘሮ ታየች ደግ ሴት ናቸው። ውሻ ግን ይፈራሉ።

ከግራዝማች ግቢ ሲደርሱ ውሻው ተነሣባቸው። ቋጠሮውን ለየዓለምዘርፍ አስጨብጠው፣ ግራዝማች ከእልፍኝ ብቅ ሲሉ ደንግጠው እጅ ነሡና፣ «እንዳላማው ነው የላከኝ፤ ዕቃው ከብዶታል፤ ነገ ቀለል ብዬ ልሮጥ ነው ብሏል» አሉ። ውሻው እንደገና ሲጮኽ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ማታውን መልሼ እወስደዋለሁ የሚለው ቃል ከአጥሩ ውጭ ከእሳቸው ጋር ሄደ።

እኔና እናንተ እናውቃለን፤ እነሱ ግን ምን ያውቃሉ? ሽማግሌ የሚጠበቅላት ልጅ ዕቃ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ በሦስተኛ ሰው እጅ ሲመለስ፣ በዚያ አገር ፍቺው አንድ ብቻ ነው።

«ምናልባት እንዲያው ዕቃ ይሆናል፣ አባባ» አለች የዓለምዘርፍ። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«በጎጃም ምድር እንዲያው የሚባል ነገር የለም» አሉ ግራዝማች። መደቡ ላይ ተቀመጡና ጣታቸውን እየቆጠሩ መልእክቱን እንደ ቅኔ ፈቱት። «‹ዕቃው› ያለው አንቺን ነው። ‹ከብዶታል› ያለው ክብራችንን ነው። ‹ልሮጥ ነው› ማለት ልሽሽ ነው ማለት ነው። ሰሙ መኪና፣ ወርቁ ስድብ።» የቆጠሩበትን ጣት አጠፉ። «እውነት ለመናገር፣ አወራረዱ ጥሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ቁጣው የመጣው። እሳቸው አልሰጥም ሊሉ ሲሰናዱ እሱ አልፈልግም ብሎ ቀደማቸው! ልጃቸው ምን ጎደላት? መልክ ጎደላት? ትምህርት ጎደላት? ትናንት አያገባትም ብለው የማሉበትን ሰው ዛሬ ለምን አያገባትም ብለው ሲያማርሩት አመሹ፤ ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን ግን ልብ አላሉትም።

የዓለምዘርፍ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ ፈታች። የጭቃ ጫማዋን አየችው። ተጥሎ የመጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጭቃውን ከስፌቱ ውስጥ ሳይቀር በእንጨት እየፋቀ አውጥቶታል። ሰው የሚጥለውን እንዲህ አያጥብም፤ እንዲህ አድርጎ ያጠበውንስ እንዴት ይጥላል? ሻሿን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዕንባዋ ያኔ መጣ።

* * *

እሑድ ቅዳሴ እንደ ወጣ አገሩ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ግራዝማች «ቤት ብትቀሪ ሰው ይስቅብናል» ብለው ልጃቸውን ይዘዋት መጡ። እሷ የመጣችው ግን ለሌላ ነው፤ ዓይኑን ልታየው። አፍ ይዋሻል፣ ቋጠሮም ይዋሻል፣ የእንዳላማው ዓይን ግን ዋሽቷት አያውቅም። ዓይኑ በቃኝ ካላት፣ የመርጡለ ማርያሙን ሰው እሺ ልትል ለራሷ ቃል ገብታለች።

ፈረሰኞች የጥምቀት ጌጣቸውን ሳያወልቁ ዳር ዳር ቆመዋል። ከሜዳው ራስ ሁለት መኪና ተሰልፏል፤ አንዱ የነጋዴው ልጅ የፍሥሐ አዲስ መኪና፣ ሌላው የእንዳላማው አሮጌ ፊያት።

እንዳላማው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሰዉን ሲቃኝ አያት። ፊቱ እንደ መስኮት ተከፈተ። ኀፍረት የለበትም፣ ዓይኑን አልሰበረም፤ የበደለ ሰው ምልክት አጣችበት። ይስቃል! ትናንት ዕቃዋን የመለሰ ሰው እንዴት እንዲህ ይስቃል? ከዚያ ሞተሩ እያጓራ ሳለ፣ ትሰማው ዘንድ እጁን ከአፉ ዙሪያ አድርጎ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸላት።

«ቀለለች!»

መኪናዋን ማለቱ ነው፤ ደስታውን ሊያካፍላት። ሜዳ ሙሉ ሰው የሰማው ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ቀለለች ከተባለች ክብሯን ጣለች ማለት ነው፤ ያውም ሊያጫት በነበረ ሰው አፍ፣ ያውም በአገር ፊት። የዓለምዘርፍ ፊቷን ሸፍና ልትሄድ ዞረች። የብርጓል በክንዷ ያዘቻትና «ቁሚ፣ ቁሚ፣ አይዩሽ» አለቻት በጆሮዋ።

ግራዝማች ጃንጥላቸውን አጠፉ። ካባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ገመዱን አልፈው በሜዳው መሀል ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ዳኛው ባንዲራውን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ከፊያቱ ፊት ቆሙና የጃንጥላቸውን ጫፍ መሬት ላይ ተከሉ።

«ማን ናት የቀለለችው?»

እንዳላማው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እጅ ነሣ። «መኪናዋ ናት፣ ጌታዬ።»

«መኪናዋ። ትናንት ያስመለስኸው ዕቃስ? እሱም የመኪናዋ ነው?»

ያኔ ነገሩ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ከሰዉ መካከል ወይዘሮ ታየችን ፈልጎ አገኛቸው። «እትዬ ታየች፣ ማታውን መልሼ እወስደዋለሁ ብያለሁ አላሏትም?»

ወይዘሮ ታየች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ግማሹን ውሻው አስጣለኝ» አሉ።

ሕዝቡ ሳቀ። እንዳላማው አልሳቀም። «ጌታዬ፣ እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም» አለ። «የላክሁት ሰም ብቻ ነው። ወርቅ የለውም።»

ግራዝማች ያን ሁሉ አሳምረው የፈቱት ነገር ሜዳ ላይ ተበተነባቸው፤ ከስድቡ መቅረት ይልቅ የቅኔው መቅረት ሳይቆጫቸው አልቀረም።

በዚህ መሀል የዓለምዘርፍ ሜዳውን ብቻዋን አቋርጣ መጥታለች። ማን ጠርቷት እንደ መጣች አታውቅም። እንዳላማው አያትና የመኪናውን በር ከፈተላት። ገብታ አየች። ባዶ ነው። ክሪኩ የለ፣ መፍቻው የለ፣ ትልቁ ሣጥን የለ፤ የእሱ ጋቢ እንኳ የለም። ብረትና ባዶ ወለል ነው። ከዚያ ባዶ ወለል ጥግ ግን ቀይ ከፋይ የለበሰው ትንሽ ሣጥን በብሎኑ እንደተያዘ ቁጭ ብሏል።

«ይህስ ለምን ቀረ?» አለችው።

«ዳኛው እሱንም ፍታው ብሎኝ ነበር። ይከብድሃል፣ ይህን ይዘህ አትቀድምም አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ዕቃው ይወጣል አልሁት። ቦታው ግን አይወጣም።»

የዓለምዘርፍ ክዳኑን በጣቷ ነካች። ሌሊቱን ሙሉ ስትጠይቀው ካደረችው ጥያቄ ሁሉ አንድ ብቻ ቀረ። «ለምን ራስህ አላመጣኸውም?»

እንዳላማው እጁን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ። «ግራሶ ነበር» አለ በዝግታ። «በዚህ እጅ የአባትሽን በር መያዝ ፈራሁ።»

በዝግታ ቢለውም ግራዝማች ሰሙት።

እሷ እጁን ሳበችው። ዛሬም ከጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው፤ በሳሙናም በአሸዋም የማይለቅ ዓይነት። ለቅዳሴ የለበሰችውን ነጠላ ጫፍ ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። ነጩ ጠቆረ። ፈረሶቹ እንኳ ልጓም ማኘካቸውን የተዉ መሰለ።

«ሁለተኛ ዕቃዬን በሰው እጅ እንዳትልክ» አለችው።

«አልልክም።»

«በዚሁ እጅህ አምጣው።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ግራዝማች የልጃቸውን ነጠላ አዩ። ከዚያ ፊቷን አዩ። ይህን ፊት ያውቁታል፤ እናቷ ናት። ከስንት ዘመን በኋላ አየዋለሁ ብለው አላሰቡም ነበር። ቢሆንም ግራዝማች ናቸውና እንዲሁ በዋዛ አይሸነፉም።

«ስማ» አሉ ጃንጥላቸውን ወደ እንዳላማው ቀስረው። «የእኔ ልጅ ዛሬ ተወስዳ ነገ ከበደኝ ተብላ የምትመለስ አይደለችም።»

«አይደለችም።»

«አትመልሳትም?»

«አልመልሳትም።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አልህ?»

«አልሁ።»

«ሰምታችኋል!» አሉ ግራዝማች ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሙግት እንደ ረታ ሰው።

መሪጌታ ባምላኩ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲያዩ ነበር። «ግራዝማች» አሉ፣ «ለሚመጣው እሑድ ምን ተዉልን? ሽማግሌ ሳይላክ ልጅዎን ዳሩ እኮ።»

ግራዝማች ያሉትን በሐሳባቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ቆጠሩት። «እኔ እኮ የጠየቅሁት ስለ ዕቃው ነው» አሉ። እልልታው ግን ጀምሮ ስለነበር የሰማቸው የለም።

* * *

ውድድሩም ተደረገ፤ ልብ ብሎ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ፍሥሐ ቀደመ። እንዳላማው በአንድ መኪና ቁመት ያህል ቀረ። ግራዝማች በፈረስ ሽምጥ እንደሚጮኹት «በለው! በለው!» ብለው ጮኸዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን መጥረጋቸው እንደሆነ ይናገራሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች። እሷ ዝም ትላለች።

ሁሉም ሲያበቃ እንዳላማው መኪናውን አቀረበና ለየዓለምዘርፍ በሩን ከፈተላት። ግራዝማች ቀድመው ገቡ።

«ልጄ የምትሳፈርበትን ልየው» አሉና ካባቸውን ዘርግተው፣ ሁለት መምህራን ሲጨናነቁበት የከረሙበትን ወንበር ብቻቸውን ሞሉት። ከኋላ ደግሞ ወንበር የለም። እንዳላማው እሷን አየ፤ እሷም እሱን አየችው፤ ሁለቱም ለመሳቅ ፈርተው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

መኪናው ቀስ ብሎ ተነሣ። ቀጥቃጭ የነካው ነገር ላይ አልቀመጥም ይሉ የነበሩት ሰው በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው፣ በበቅሎ ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ ወደ ግራ በል፣ ጉድጓዱን እለፍ እያሉ ሲመሩ ይታያሉ። የእንዳላማው አንገት ከኋላ ሲታይ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ቀጥ ብሏል።

«ሙሽራ በእግሯ፣ አማት በመኪና» አለች የብርጓል። «ይህንንም አየን።»

የመኪናው አቧራ ወደ እነሱ ሲመጣ ሌሎቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ የዓለምዘርፍ አልሸፈነችም። ማታ ዕቃዋን ሊወስድ ራሱ በሩን ያንኳኳል። በየትኛው እጁ እንደሚያንኳኳ፣ ውሻውን ማን እንደሚይዝለት፣ አባቷ ተነሥተው «ግባ» ሲሉት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጡ እያሰበች ሄደች። ነጠላዋን የጠቆረው ጫፍ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋ አጣፍታዋለች። በገበያው በር በኩል፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ፣ ሰላም የሚሏትን ሁሉ እየቆመች ሰላም አለች።

ያም ሆኖ መንገዱ አጠረባት።